ጎማው እስከዞረ ድረስ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ተቆለፈብኝ። ማንም ክፉ አላሰበም። ጠባቂው ለምሳ ሲወጣ በሩን የመቆለፍ ልማድ ነበረው፤ እኔ ደግሞ ድምፅ ስላላሰማሁ ከውስጥ መኖሬን ረሳው። የዲላን የቀትር ሙቀት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የቀመሰ ሰው ምን እንደነበር ያውቀዋል። ተመልሶ ሲከፍት ካርቶን ላይ ተቀምጬ የባትሪ መመሪያ ሳነብ አገኘኝ።

«አንቺ ልጅ! አትጮሂም እንዴ?»

«ገጹን ልጨርስ ብዬ ነው።»

ይህ ወሬ ጡረታ እስክወጣ ተከተለኝ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። መሥሪያ ቤታችን በዞኑ ውስጥ መብራት ላልደረሰበት ገጠር ኃይል እንዲፈልግ የተቋቋመ ነው። ግምጃ ቤቱን ሳጸዳ የምድጃ ሻጋታ፣ የባዮጋዝ ቧንቧ፣ የነፋስ ፍጥነት ሊለካበት መጥቶ ሳይተከል የቀረ ምሰሶ አየሁ። ሁሉም በየተራው የአገር ተስፋ የነበረ ነው። ያለፈው ዘመን ተስፋ የዘንድሮ ግምጃ ቤት ዕቃ እንደሚሆን ያን ቀን ፊት ለፊቴ ተደርድሮ ነበር። እኔ ግን የማየው አቧራውን ብቻ ነው።

አባቴ ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበረው። ላምባ እንሸጣለን። ጠርሙስ ይዞ ለሚመጣው በጣሳ እየለካሁ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። እጄ ላምባ ስለሚሸት እናቴ ዱቄት አታስነካኝም። ትምህርት የጀመርኩት ታናናሾቼ ጨርሰው ሲወጡ ነው፤ በማታው ክፍል፣ ከአናጢና ከፖሊስ ጋር አንድ ዴስክ ላይ። በኋላ ሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ልመዘገብ ስሄድ መዝጋቢው ቀና ሳይል «የልብስ ስፌቱ መስኮት ቀጥሎ ነው» አለኝ። ቆሜ ጠበቅሁት። ቀና ሲል መዘገበኝ።

የቡድን መሪያችን አቶ ተስፋዬ ይባላሉ። የመጀመሪያውን ቴስተር ያስረከቡኝ እሳቸው ናቸው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁ። «አባትሽ ላምባ ይሸጣሉ፣ አንቺ ላምባ ልታጠፊ! እራት የሚሰጥሽ ማነው?»

ማዕረጌ ጁኒየር ቴክኒሻን ነው። ከበላዬ ቴክኒሻን አለ፣ ከዚያ ከፍተኛ ባለሙያ፣ ከዚያ አቶ ተስፋዬ። ከበታቼ ማንም የለም። ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የአሲድ መለኪያ፣ መነጽርና ጓንት ተረከብኩ። ጓንቱ በወንድ እጅ ልክ ስለነበር ጣቶቹን ቆርጬ ሰፋሁት። ይኸው የልብስ ስፌት መስኮቱም አልቀረልኝም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የባዮጋዝ፣ ጉድጓድ ውስጥ ከእበት የሚወጣ የማገዶ ጋዝ፣ ነበሩ። ሥልጠናው ላይ በርካታ ላሞች ያሉት ግቢ በሥዕል ያሳዩናል። ጌዴኦ ውስጥ ግን መሬቱ እንሰትና ቡና ነው፤ አንዲት ላም ያለው ሰው ደህና ሰው ነው፤ እበቷም የእንሰቱ ነው። ይርጋጨፌ አቅራቢያ ጉድጓድ የተቆፈረላቸው አንዲት እናት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «ማንን ላብላ?» አሉን። «ጉድጓዳችሁን ወይስ እንሰቴን?» ሾፌራችን ሻፊ ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ «እማማ፣ ጉድጓዱ የመንግሥት ነው፣ ይጹም!» አላቸው። ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። ጉድጓዱ ጾመ።

ከዚያ የሶላር ዘመን መጣ። ወደ ኦሌ የሄድኩት ያኔ ነው።

ኦሌ ከይርጋጨፌ ወደ ደጋው ሲወጣ የምትገኝ መንደር ነች። መኪና እስከ ድልድዩ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው። ጤና ጣቢያዋ ሁለት ክፍል ናት፤ አንዷ ለበሽተኛ፣ አንዷ ለማዋለጃ። አዋላጇ ሲስተር ብርቄ የእኔ እኩያ ነች፤ ከዩኒፎርሟ ኪስ የልብስ መርፌና ክር አይጠፋም። ዘበኛው ጋሽ ጂግሶ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው።

ፓኔሉን ጣሪያ ላይ ስናሥር ጋሽ ጂግሶ መሰላሉን ይዘውልኝ ቆሙ። ሽቦውን የትኛው ክፍል ውስጥ እንደማስገባ ደጋግመው ጠየቁኝ።

«መጀመሪያ ማዋለጃው» አልኳቸው።

«እሱ መጀመሪያ» አሉ። «ሌላው ቢቀር ይቀራል። እሱ ግን እንዳይጨልም።»

ምሳ ስንበላ ሲስተር ብርቄ ነገረችኝ። የጋሽ ጂግሶ ሚስት እዚያች ክፍል ውስጥ በወሊድ ሞታለች። ደም እየፈሰሳት ነበር፤ ከየት እንደሚፈስ በኩራዝ ብርሃን ማየት አልተቻለም። «እኔ ገና መምጣቴ ነበር» አለች። «እጄ እያወቀ ዓይኔ አላይ አለ።» ጋሽ ጂግሶ ከለቅሶው ማግስት መጥተው የዘበኝነቱን ሥራ ጠየቁ። ደሞዝ ስንት ነው አላሉም።

ሶላሩ በበጋ ሠራ። ክረምት ሲገባ የደጋው ጉም መንደሯ ላይ ተኛ፤ ሲተኛ ደግሞ ቶሎ አይነሳም። ባትሪው ደከመ። ሄጄ እያንዳንዱን ሴል በአሲድ መለኪያ አየሁት፣ የባትሪ ውሃ ጨመርኩ፣ ሽቦውን ፈተሽኩ። ብልሽት የለበትም። ቀና ስል ጋሽ ጂግሶ ጣሪያ ላይ ናቸው፤ በጋቢያቸው ጫፍ ፓኔሉን ይወለውላሉ። ሲስተር ብርቄ በየማለዳው እንደሚወጡ ነገረችኝ። ፓኔሉ እንደ መስተዋት ንጹሕ ነበር። የጠፋው ፀሐዩ ነው።

«ይውረዱ ጋሽ ጂግሶ፣ ያዳልጣል» አልኳቸው።

ወረዱ። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ወሰዱኝ። ቁልቁለቱ ሥር የኦሌ ወንዝ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ይወርዳል።

«አንተ ልጄ» አሉኝ፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔንም ሲስተር ብርቄንም «አንተ» ነበር የሚሉን። «ፀሐይ ይተኛል። ውሃ አይተኛም።»

ይህን ለአቶ ተስፋዬ እንዳለ ነገርኳቸው። ጠረጴዛቸውን በእርሳስ መታ መታ አድርገው አሰቡ። በኋላ በየሥልጠናው «አስተማማኝ ኃይል» እየተባለ ብዙ ሰማሁ፤ ጉም ሳይል፣ ሰዓት ሳይል፣ በተፈለገ ጊዜ የሚገኝ ኃይል ማለት ነው። ጋሽ ጂግሶ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ጨርሰውት ነበር፤ አቶ ተስፋዬም ወዲያው ገባቸው። አንድ የእርዳታ ድርጅት አሳምነው ገንዘቡን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው በኋላ የሚመጣው ነገር መልካሙን እንዳይሸፍነው ነው።

አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ ውስብስብ ነገር አይደለም። ወንዙን በድንጋይ ግንብ ጠልፈን በቦይ ወሰድነው። ቦዩ መጨረሻ ላይ ቅጠልና ጭራሮ የሚይዝ የብረት ወንፊት አለ፤ ከዚያ ገንዳ፤ ከገንዳው ቁልቁል የሚወርድ ወፍራም ቧንቧ። ታች ትንሽ ቤት ሠርተን ተርባይኑን አስቀመጥን። ከተርባይኑ ወደ ጄኔሬተሩ ኃይል የሚያደርሰው ቺንጋ የሚባል ቀበቶ ነው። ተርባይኑን የመንደሩ ሰው «ጎማው» አለው፤ እኔም ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልጠራሁትም።

ውሃው ግን የእኛ አልነበረም። ከመጥለፊያው በላይ ምንጩ አለ፤ በምንጩ ዙሪያ ብርብራና ዋንዛ የቆመበት ጥቅጥቅ ያለ ጥላ፤ መሬቱ የብዙ ሰው ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ሶንጎው፣ ተሰበሰበ። ፈራጁ አቶ በራሶ ነበሩ፤ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ተናገሩ። በጌዴኦኛ የተባለውን ሲስተር ብርቄ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ።

«ጎማው እስከዞረ ድረስ ከምንጩ ዙሪያ ዛፍ አንቆርጥም። ጎማው እስከዞረ ድረስ ከመጥለፊያው በላይ ውሃ አንወስድም።»

ሁሉም ማለ። የቡና መሬቱ ከወንዙ ጫፍ የሆነው፣ ውሃውን ለቡና ማጠቢያ የሚመኘውም ጭምር። አንድም ወረቀት አልተጻፈም፤ ማንም ወረቀት አልጠየቀም።

መብራቱ የተለቀቀው በቀን ነው፤ ስለዚህ ብዙም አልታየም። ሰዉ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ጋሽ ጂግሶ ብቻቸውን ማዋለጃው ክፍል ገቡ። መስኮቱን ዘጉ። በሩንም ዘጉ። ቆዩ። ሲወጡ ወደ ወንዙ ወረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘበኝነቱን ለሌላ ሰው ሰጥተው የጎማው ሠራተኛ ሆኑ።

የሥራ ደንቡን እኔ አስተማርኳቸው። ጠዋት ወንፊቱን መጥረግ። ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ በእጅ ዳስሶ ከሞቀ ግራሶ መጨመር። ቺንጋው ከላላ ብሎኑን ማጥበቅ። ውሃውን በቀስታ መክፈት፣ በቀስታ መዝጋት። ቡና በሚታጠብበት ወራት ልጣጩ ከየጓሮው በዝናብ እየታጠበ መጥቶ ወንፊቱን እንደ ሙጫ ይደፍነዋል፤ ያኔ እጅን ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ከትቶ መቧጨር ነው። ጋሽ ጂግሶ ሁሉንም አንድ ጊዜ ሰምተው ያዙት። አንድ ደንብ ራሳቸው ጨመሩ፤ ሲስተር ብርቄ ምጥ የያዛት ሴት ስትቀበል ወደ ጎማው ቤት ሰው ትልካለች፤ እሳቸው እዚያው ይቀመጣሉ፤ ልጅ ተወልዶ መልእክት እስኪመጣ አይነሱም።

«ምን ያደርጋሉ ታዲያ ተቀምጠው?» አልኳቸው አንዴ።

«አዳምጣለሁ።»

«ሴትዮዋን?»

«እሱን» አሉ ወደ ጎማው እያሳዩ። «እሱ ደህና ከጮኸ እሱም ደህና ይወልዳል።»

ሻፊ በሳቅ ሞተ። «ዘነበች፣ ሁለቱም እሱ ሆኑ እኮ! የትኛው ነው የሚወልደው?» ጋሽ ጂግሶም ፈገግ አሉ። ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

ጎማው ዓመታት ዞረ። እኔ ቴክኒሻን፣ ቀጥሎ ከፍተኛ ባለሙያ ሆንኩ። በእነዚያ ዓመታት ኦሌ ማዋለጃ ክፍል በጨለማ ምክንያት የሞተች እናት አልነበረችም። ሲስተር ብርቄ ይህን ስትናገር ሁልጊዜ «ተመስገን» ትል ነበር።

በየዓመቱ አዳራሽ ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ግድግዳው ላይ ባነር፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ። ባነሩ ይለዋወጣል። አንዴ ምድጃ ነው፣ አንዴ ፀሐይ፣ አንዴ አነስተኛ የውሃ ኃይል። ከጊዜ በኋላ የትልልቅ ግድቦች ወሬ መጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ ትሑትና ሥራውን የሚወድ ልጅ፣ ካርታ ዘርግቶ ዋናው የመብራት መስመር በየቀበሌው እንደሚደርስ አሳየን። «ከእንግዲህ ትንንሹ ማመንጫ መሸጋገሪያ ነው» አለ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ ገጠሩ ሁሉ መብራት ሲያገኝ ማን አያጨበጭብም?

መስመሩ ኦሌ ደረሰ። ምሰሶውን የመንደሩ ሰው በጫንቃው ተሸክሞ ዳገቱን አወጣው፣ እየዘፈነ። ወፍጮ ተተከለ፣ ፀጉር ቤት ተከፈተ፣ ቴሌቪዥን ገባ። ከጎማው የሚገኘው ኃይል ለዚህ ሁሉ አይበቃም ነበር። የትልቁን መስመር ደስታ ማሳነስ አልፈልግም። ሰዉ የተደሰተው በሚገባው ነገር ነው።

ከዚያ ትእዛዝ መጣ። ዋናው መስመር በደረሰበት ያለው ማመንጫ ተነቅሎ ግምጃ ቤት ይግባ፤ መብራት ላልደረሰው ሌላ ቀበሌ ይሰጣል። እኔና ሻፊ ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር ሄድን።

ጋሽ ጂግሶ በጎማው ቤት ደጃፍ ቆመው ጠበቁን። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ መጀመሪያ ያወቁኝ በእግር ኮቴዬ ነው።

«ጄኔሬተር ውሰድ» አሉኝ። «ሽቦ ውሰድ። ቧንቧውንና ጎማውን ተውልኝ። መብራት ባይሰጥም ይዙር።»

«ለምን ጋሽ ጂግሶ?»

«ጎማው ከቆመ ቃሉ ያልቃል። ቃሉ ካለቀ ምንጩ ያልቃል። መስመሩ አንድ ቀን ቢጠፋስ? ክፍሉ ይጨልማል።»

ገባኝ። ሥራውን አስቁሜ መንገድ ዳር ወጥቼ በሞባይል ለአቶ ተስፋዬ ደወልኩ። ጭነት የሌለው ተርባይን ከልክ በላይ ይፈጥናል፤ ግን ውሃውን ጥቂት ከፍቶ በቀስታ ማዞር እንደሚቻል አስረዳኋቸው። ስለ መሐላውም ነገርኳቸው።

በድካም ድምፅ «ዘነበች፣ እኔ የምፈርመው የንብረት ዝውውር ነው» አሉኝ። «መሐላውን የት ዓምድ ላይ ልጻፈው? ደግሞም ጨለማ ውስጥ ያለ ሌላ ቀበሌ ይጠብቃል። ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ ባዶ ይሁን?»

የነበረኝ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ያንንም ጠይቄዋለሁ። ተመልሼ «ትእዛዙ ይኸው ነው» አልኳቸው ለጋሽ ጂግሶ።

አልተቆጡም። ውሃውን ራሳቸው ዘጉ፣ በቀስታ፣ እንዳስተማርኳቸው። የጎማው ድምፅ ወረደ፣ ወረደ፣ ጠፋ። የወንዙ ድምፅ ብቻ ቀረ። እዚያ ቤት ውስጥ ወንዙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ብሎኑን ፈታን፤ ኩሽኔታውን ግራሶ ቀብቼ በላስቲክ ጠቀለልኩት፤ መኪና እስኪደርስ በሸክም ወጣ። ሻፊ እንኳ አልቀለደም።

ሌላው ቀበሌ ተርባይኑን አላገኘም። በጀቱ ለቦይ ሳይደርስ ባነሩ ተቀየረ። ተርባይኑ እኔ የተቆለፍኩበት ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ከነፋስ መለኪያው ምሰሶ አጠገብ ተቀመጠ።

ኦሌ ላይ የሆነውን ከሲስተር ብርቄ በስልክ እሰማ ነበር። መጀመሪያ አንድ ሰው ከምንጩ ዳር አንድ ዋንዛ ቆረጠ፤ ለልጁ ሠርግ። ማንም አልተናገረውም። ቀጥሎ ሌላው ብርብራውን አንስቶ ባሕር ዛፍ ተከለ፤ ባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው፣ ውሃም ጠጪ ነው። ከዚያ ከመጥለፊያው በላይ የቡና ማጠቢያ ተከፈተ። መሐላ ያፈረሰ አንድም ሰው የለም። ጎማው ስለማይዞር መሐላም አልነበረም።

ጋሽ ጂግሶ ግን በየጠዋቱ ወንፊቱን ይጠርጋሉ። ቦዩ ውሃ እየተሸከመ ወደማይጠቅም ገንዳ ያፈሳል፤ እሳቸው ቅጠሉን ያወጣሉ። መንገደኛው «ጂግሶ፣ ለማነው የምታበጥረው? ለሙሽራ ነው?» እያለ ይቀልድባቸዋል።

መስመሩ መጀመሪያ ላይ ይሄዳል፣ ይመጣል። ሰው ይለምደዋል። ከዚያ በአንዱ የዝናብ ወር የኦሌን ትራንስፎርመር መብረቅ መታው። መለዋወጫው በወረፋ ነበር፤ ከፊታችን ብዙ ከተማና ብዙ ትራንስፎርመር ነበረ። ወፍጮው ቆመ፤ ፀጉር ቤቱ ተዘጋ። የድሮው የሶላር ባትሪ ከሞተ ቆይቶ ነበር፤ ጎማው ስላለ ማንም አልተካውም።

ሲስተር ብርቄ ዲላ ድረስ መጣች። ቢሮዬ ገብታ ተቀመጠች፤ ሻይ አዘዝኩላት፣ አልነካችውም።

«አንዲት ልጅ አዋለድኩ» አለች። «የመጀመሪያዋ ነው። ባልየው በስልኩ መብራት ያበራልኛል። ስሰፋት ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ።»

ብርጭቆውን ወደ እሷ አስጠጋሁት።

«እሷ ተርፋለች። ሕፃኑ ትንፋሽ ሲያጥረው ግን በጨለማ አላየሁትም» አለችና የሻይ ብርጭቆውን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። «ጋሽ ጂግሶ ደጅ ተቀምጠው ነበር። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እንዳይሰሙ ብዬ አላለቀስኩም።»

ይዣት ወደ አቶ ተስፋዬ ገባሁ። ሁሉንም ቆማ ነገረቻቸው። አቶ ተስፋዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ተርባይኑ እንዲመለስ ያኑ ቀን ፈረሙ፤ የበላይ ሳያስፈቅዱ፣ ጡረታቸው ሲቀርብ። «ዓምዱን እኔ አገኝለታለሁ» አሉኝ።

ተርባይኑ ንጹሕ ነበር። የቀባሁት ግራሶ ጠብቆታል፤ ኩሽኔታው በጣት ሲነካ ይዞራል። ሻፊ ፒክአፑ ላይ ሲያስጭን «ይቺ ጎማ ከእኔ ጎማ ትሻላለች» አለ። በመንገዱ ሁሉ ደስ ብሎን ነበር። ይህን አልረሳውም፤ ደስ ብሎን ነበር።

ጋሽ ጂግሶ በበሩ ቆመው በእጃቸው ዳሰሱት። ቧንቧውን ገጠምን፣ ቺንጋውን አጠበቅን፣ ገመዱን እስከ ማዋለጃው ክፍል ዘረጋን። የመንደሩ ሰው ቁልቁለቱ ላይ ተደርድሮ ቆመ። የውሃ መክፈቻውን ለጋሽ ጂግሶ ተውኩላቸው።

በቀስታ ከፈቱ። ጎማው ተንቀሳቀሰ። ለሙከራ በጎማው ቤት የሰቀልነው አምፖል እንደ ፍም ቀላ። ጋሽ ጂግሶ ጨምረው ከፈቱ፤ ሙሉ በሙሉ ከፈቱ። አምፖሉ አልነጣም። ገንዳው ጎደለ፤ ቧንቧው አየር ዋጠ፣ ተንኮራፋ። ጎማው ቆመ።

ወደ መጥለፊያው ወጣሁ። ቦዩ ንጹሕ ነበር፤ ወንፊቱ ላይ አንድ ቅጠል አልነበረም። የደረሰበት ውሃ ግን ቁርጭምጭሚት አያረጥብም። ከበላይ ምንጩ ባሕር ዛፍ መሐል ጭቃ ሆኗል።

ስመለስ ጋሽ ጂግሶ መክፈቻውን እንደያዙ ነበሩ። «ጎማው ደህና ነው» አሉኝ። የሚያጽናኑት እኔን ነው።

ወደ አቶ በራሶ ሄድን። ሽማግሌው አርጅተዋል፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሶንጎው ተሰብስቦ ቃሉን እንዲያድስ ለመንኳቸው።

«እኛ ቃል አላፈረስንም» አሉ፤ ያለ ቁጣ። «ጎማው ቆመ፣ ቃሉ አለቀ። ያቆመውም መንደሩ አይደለም።»

«አውቃለሁ አባቴ። አሁን እንደገና ቢምሉስ?»

ጋሽ ጂግሶን አዩ፣ ወደ ምንጩ አዩ። «እኛ ነገ እንምላለን» አሉኝ። «ምንጩን ማን ያስምልልሻል?»

እንደተናገሩትም ማሉ። ባሕር ዛፉ ተነቀለ፤ የቡና ማጠቢያው ባለቤት በጎርፍ ወራት ብቻ ውሃ ለመውሰድ ተስማማ። ብርብራና ዋንዛ ተተከለ። ዛፍ ግን ሰው እንደማለ አያድግም። ትራንስፎርመሩም ተራው ደርሶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህም መብራቱ እንደ ልማዱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ማዋለጃው ክፍል አዲስ ፓኔል አገኘ፤ ጉሙ ግን የድሮው ጉም ነው። በአዳራሹ ባነር ላይ ደግሞ ፀሐይ ተመልሳለች። አሁን የሚመጡት መሐንዲሶች አንዱ ብቻውን አይበቃም፣ ፀሐዩም ውሃውም መስመሩም አንዱ ሲደክም ሌላው ይያዝ ይላሉ። ልክ ናቸው። ኦሌ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ወቅት ነበረ።

ጡረታ ልወጣ ስል ለስንብት ወደ ኦሌ ሄድኩ። ጋሽ ጂግሶ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። ጎማው ቤት ውስጥ ተቀምጠው ኩሽኔታውን ግራሶ ይቀባሉ፤ በጣታቸው ዳር ዳሩን እያገኙ። ጎማው በዝናብ ወራት ብቻ ጥቂት ይዞራል፤ ኃይሉ ግን ማዋለጃው ክፍል ድረስ አይደርስም።

«አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ውሃው ጨምሯል ወይ?»

ወጥቼ አየሁ። ተመልሼ እንዳለ ነገርኳቸው፤ አልጨመረም። አንገታቸውን ነቀነቁና መቀባታቸውን ቀጠሉ። ያን ዓመት ሳይጨርሱ ሞቱ። የቀበራቸው መንደር ወንፊቱን በተራ ይጠርጋል።

ከእኔ በኋላ ለሚመጡት የምለው ይህ ነው። አዲሱ ኃይል ክረምትም በጋም አልፎበት ሳይፈተን አሮጌውን አትንቀሉ። መንቀል የግድ ከሆነም ብሎኑን ከመፍታታችሁ በፊት በእሱ ላይ ምን እንደታሰረ አጠገቡ የሚኖረውን ሰው ጠይቁ። ማሽን ተመልሶ ይተከላል። ውሃው ላይመለስ ይችላል።